የፓሪስ የሌሊት ገበያ ሾርባ

የፈረንሳይ የሽንኩርት ሾርባ ሽንኩርት፣ ቅቤ፣ የአጥንት መረቅ፣ ያደረ ዳቦና ቺዝ ነው፤ ሌላው ሁሉ ጭማሪ ነው። በትልልቅ ሆቴሎች የምግብ ዝርዝር ላይ ስለሚታይ ብዙ ሰው ባለሙያ ብቻ የሚሠራው ይመስለዋል። ዶሮ ወጥ ሠርቶ የሚያውቅ ሰው ግን የሥራውን ከባድ ክፍል አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ሽንኩርቱን ሳይቸኩሉ ማቁላላት ነውና።

ሾርባው ስም ያወጣው ፓሪስ ውስጥ ነው። በከተማዋ እምብርት ሌ አል የሚባል ታላቅ የምግብ ገበያ ነበር፤ ኤሚል ዞላ እ.ኤ.አ. በ1873 ያሳተመው «የፓሪስ ሆድ» የተሰኘው ልብ ወለድ የሚተረከውም እዚያው ነው። ከየገጠሩ የመጣው አትክልት፣ ሥጋና ዓሣ በሌሊት ይራገፍ፣ ጎሕ ሲቀድ ይሸጥ ነበር። ሸክም ሲያወርዱ ያደሩት ሠራተኞች የሚፈልጉት ብርድ የሚያባርር፣ ሆድ የሚይዝ፣ ኪስም የማይጎዳ ምግብ ነበር። በዙሪያው ያሉት ምግብ ቤቶች ይህን ሾርባ እንደጋለ ያቀርቡላቸው ነበር። ከቲያትርና ከጭፈራ የሚመለሱ ባለጸጎችም እዚያው ገብተው ከተሸካሚውና ከሥጋ ሻጩ ጎን ይበሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ገበያው ከከተማው ወጥቶ ወደ ራንዢስ ተዛወረ፣ አብዛኞቹ የብረትና የመስታወት አዳራሾችም በኋላ ፈረሱ። እ.ኤ.አ. በ1947 በዚያ ሰፈር የተከፈተው «ኦ ፒዬ ደ ኮሾን» የተባለው ምግብ ቤት ግን ዛሬም ሾርባውን ያቀርባል።

ወደ ድስቱ እንመለስ። ለአራት ሰው 1 ኪሎ ሽንኩርት ይበቃል። ፈረንሳዮች ቢጫውን ይጠቀማሉ፤ የእኛ ቀይ ሽንኩርትም ይሆናል፣ መልኩ ብቻ ጠቆር ይላል። እንደ ወጥ ሽንኩርት ደቅቆ አይከተፍም። ለሁለት ተሰንጥቆ ከሥሩ ወደ ጫፉ በስሱ ይቆረጣል፤ እንዲህ ሲቆረጥ ረጅም ሰዓት እሳት ላይ ቢቆይም ቅርጹን ይዞ ይቀራል። ድስቱ ወፍራም ይሁን፤ ምግብ የማይዘው ልሙጥ መጥበሻ ለዚህ ሥራ አይመችም፣ ምክንያቱን ወዲያው አነሣዋለሁ። 50 ግራም የገበታ ቅቤ ከአንድ ማንኪያ ዘይት ጋር አቅልጦ ሽንኩርቱንና ትንሽ ጨው መጨመር፣ ከዚያም ከድኖ በመጠነኛ እሳት ላይ ሩብ ሰዓት መተው ነው። ጨው የሽንኩርቱን ውኃ ያወጣዋል።

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው። ክዳኑ ተነሥቶ ብዙ ከቆየም በኋላ ሽንኩርቱ ነጭ እንደሆነ ነው። ሽንኩርት ከአሥር እጅ ዘጠኙ ያህል ውኃ ነው፤ ውኃው እስኪተን ድረስ ደግሞ የድስቱ ሙቀት ከመፍያው ነጥብ አያልፍም። ያም በፓሪስ 100 ዲግሪ ገደማ ነው፣ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች እዚያ ከዚያም ያንሳል። ቡናማ መልክና ያ የሚያውድ ሽታ የሚመጡት ሙቀቱ ከዚህ ሲዘል ነው። ያን ጊዜ በሽንኩርቱ ውስጥ ያለው ስኳር ከአሚኖ አሲዶች ጋር ይዋሐዳል፤ ይህን ሂደት እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ካሚ ማያር ነው። እሳቱን ማባስ አያሳጥረውም፤ ዳር ዳሩ ያርና መሐሉ ጥሬ ይቀራል። ስለዚህ በሩብ ሰዓት ሽንኩርቱ ይቀላል የሚል የአሠራር መመሪያ ሲገጥማችሁ አትመኑት። አንድ ሰዓት ስጡት።

በጆሮም መከታተል ይቻላል። መጀመሪያ የሚሰማው የሚፈላ ውኃ ድምፅ ነው፤ ውኃው ሲያልቅ ወደ ቀጭን የመጥበስ ድምፅ ይለወጣል፣ ሽንኩርቱም ከጭድ መልክ ወደ ወርቅማ ይሻገራል። በድስቱ ወለል ላይ ቡናማ ነገር ይጣበቃል። ያልለመደ ሰው አረረብኝ ብሎ ይደነግጣል፤ የሾርባው ጣዕም ያለው ግን እዚያ ላይ ነው። ሁለት ማንኪያ ውኃ ጠብ አድርጎ በእንጨት ማማሰያ ፋቅ ፋቅ ሲያደርጉት ይሟሟና ሽንኩርቱን ያቀልመዋል። ልሙጡ መጥበሻ የማይሆነው ይህን ስለማይዝ ነው። እንደገና ሲጣበቅ እንደገና ይፋቃል፣ ሽንኩርቱ የመዳብ መልክ እስኪይዝና ከድስት ሙሉ እፍኝ የማይሞላ እስኪመስል ድረስ። ከጠቆረ ግን ይመራል፣ መመለሻም የለውም። ለማጣፈጥ ስኳር የሚጨምሩ አሉ፤ እኔ አልደግፈውም። የሚያቃጥለው ጣዕም በሙቀቱ ከጠፋ በኋላ የሽንኩርቱ የራሱ ጣፋጭነት ይበቃዋል።

ቀሪው ቀላል ነው። ግማሽ ብርጭቆ ነጭ ወይን ጠጅ ጨምሮ እስኪመጥ መጠበቅ፣ ከዚያ አንድ ሊትር ከሩብ የበሬ አጥንት መረቅ፣ ቁንዶ በርበሬና ሁለት ዘለላ ጦስኝ አክሎ ለግማሽ ሰዓት በዝግታ ማንተክተክ። የደጋችን ጦስኝ ኃይለኛ ስለሆነ አይብዛ። በመረቅ ፈንታ የሾርባ ኩብ የሚጠቀም ሰው ጨው ይጠንቀቅ፤ ቺዙም ጨዋማ ነው።

ዳቦው ያደረ ሆኖ በኦቨን መድረቅ አለበት፤ ትኩስ ዳቦ ሾርባ ውስጥ ይፈርሳል። እሳት በሚችል ጎድጓዳ ሳሕን ሾርባው ይጨለፋል፣ ዳቦው ላዩ ላይ ይንሳፈፋል፣ ግሩየር ወይም ኮንቴ የተባለው ቺዝ ተፈቅፍቆ እስከ ሳሕኑ ጠርዝ ይነሰነሳል። ከዚያ ከላይ በሚነደው የኦቨን እሳት ሥር ቺዙ እስኪንተከተክና ቡናማ ነጠብጣብ እስኪያወጣ ይቆያል። የእኛ አይብ በሙቀት ስለማይቀልጥ አይተካውም። ኦቨን የሌለው ሰው ዳቦውን ከነቺዙ በተከደነ መጥበሻ አቅልጦ ሾርባው ላይ ቢያስቀምጠው ይሆናል።

እግረ መንገዳችሁን 3 ኪሎ ብታቁላሉ ልፋቱ ብዙም አይጨምርም፤ ሰዓቱ ግን ትንሽ ይረዝማል። የተረፈውን ሽንኩርት በትንንሽ ዕቃ አድርጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት፤ ለሚቀጥለው ጊዜ መረቁን ማፍላትና ዳቦውን ማድረቅ ብቻ ይቀራችኋል።