ማስታገሻው ተሰጠ፤ ሕመሙስ ቀነሰ?



በቅርቡ የትርፍ አንጀት ኦፕራሲዮን ያደረገ ጓደኛችንን ልንዘይር ሆስፒታል ሄደን ነበር። ማስታገሻ ተወግቶም ሌሊቱን ሲገላበጥ ነው ያደረው። የጠዋት ተረኛዋ ነርስ ካርዱን ስታይ ግን ያገኘችው መርፌው የተሰጠበትን ሰዓት ብቻ ነው። ሕመሙ ይቀንስ አይቀንስ የተጻፈ ነገር የለም። ይህ ለምን ይሆናል ብለን ነርሲንግ የሚማሩ እህቶቻችንን ጠየቅን።

አንደኛው ምክንያት ሰዓት ነው። በደም ሥር የተሰጠ ማስታገሻ ውጤቱ የሚጠየቀው ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ቆይቶ ነው፤ የሚዋጠው ደግሞ ከ1 ሰዓት በኋላ ገደማ። በዚያ ሰዓት ነርሷ ሌላ አልጋ ጋ ናት፤ አንዳንዴም ተረኛ ተቀይሯል። መድኃኒት መስጫው ሰዓት ካርዱ ላይ አለ፤ ተመልሶ መጠየቂያው ግን የለም።

ሁለተኛው ቅጹ ነው። «ተሰጠ» ብሎ ለመፈረም ቦታ አለው፤ ለውጤቱ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ገጽ መፈለግ ያስፈልጋል። ስለዚህ ነርሷ ጠይቃ፣ መልሱንም ሰምታ ሳትጽፈው የምትቀርበት ጊዜ አለ።

ሦስተኛው እኛው ነን። «እንዴት ነህ?» ስትለው ጓደኛችን የመለሰላት «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ነው። ምስጋናው ተገቢ ነው፤ ግን የሕመሙን መጠን አይናገርም። ምንም ሕመም ከሌለ 0፣ ከሁሉ የከፋው 10 ተብሎ በቁጥር ቢነገር ግን ይጻፋል። ሕመምን ለሚያክም ሰው መንገር ሶብር ማጣት አይደለም።

ኢንጂነሪንግ የምንማር እናውቀዋለን፦ ሙቀቱን የሚለካለት የሌለው የውሃ ማሞቂያ ወይ ያቃጥላል ወይ ቀዝቃዛ ይቀራል። ማስታገሻም እንዲሁ ነው። ካነሰ በሽተኛው ይሰቃያል፤ እንደ ሞርፊን ያለው ከበዛ ደግሞ ትንፋሽ ያዳክማል። ያልተጻፈ ውጤት ለቀጣዩ ተረኛ ግምት ብቻ ነው የሚተውለት።

ስለዚህ ስናስታምም ማስታገሻው የተሰጠበትን ሰዓት እንያዝ፤ ጊዜው ሲደርስ በሽተኛውን ቁጥሩን ጠይቀን ለነርሷ እንንገር። ከእንቅልፉ መቀስቀስ ካቃተን ወይም ትንፋሹ ከዘገየ ሳንውል ሳናድር እንጥራት። ሕክምናና ነርሲንግ የምትማሩ ደግሞ «3፡30፤ ከ8 ወደ 3 ወርዷል» ብሎ መጻፍ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። የበሽተኛው ሕመም አማና ነው።

አላህ በሽተኞቻችንን ያሽርልን።