ሴራሚክ በሴራሚክ ላይ፦ ቁጠባ ወይስ ድርብ ወጪ?

በለቡ መብራት ኃይል ቤቱን ለማደስ የተነሳ ሰው ገና ዋጋ ሲጠይቅ ከሚገጥሙት ጥያቄዎች አንዱ ‹‹አሮጌው ሴራሚክ ይነቀል ወይስ በላዩ ላይ ይነጠፍ?›› የሚለው ነው። መልሱ የኪስ ጉዳይ ቢመስልም የሚወሰነው ግን ከአሮጌው ንጣፍ ሥር ባለው ነገር ነው።

በላዩ ላይ ማንጠፍ የሚያጓጓው ሦስት ወጪዎችን በአንድ ጊዜ ስለሚያስቀር ነው። የነቃዩ የጉልበት ዋጋ፣ የፍርስራሹ ማስጫኛና ከተነቀለ በኋላ እንደገና የሚሠራው ሊሾ ይቀራሉ። ቤተሰብ ወይም ተከራይ ላለበት ቤት ደግሞ ከአቧራና ከመዶሻ ጩኸት መዳን ራሱን የቻለ ትርፍ ነው።

ገበያውም ወደዚያው ይገፋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከባሕር ማዶ የሚገባው ሴራሚክና ማጣበቂያ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ሸማቹ ከሌላ በኩል የሚቆጥበውን መፈለጉ አይቀርም።

ሒሳቡ በምሳሌ ሲታይ ይህን ይመስላል። ባለ 60 በ60 ሴራሚክ አብዛኛውን ጊዜ በካርቶን አራት ሆኖ 1.44 ካሬ ይሸፍናል። ለ20 ካሬ ሳሎን፣ ለቁርጥራጭና ለስብራት 10 በመቶ ሲታከል፣ 16 ካርቶን ይገዛል። ባለ 25 ኪሎ ማጣበቂያ ከ4 እስከ 5 ካሬ ስለሚሸፍን 5 ከረጢት ያህል ያስፈልጋል።

በዚህ ላይ ወጪን እቀንሳለሁ ብሎ ተራ ሲሚንቶና አሸዋ መጠቀም ትልቁ ስህተት ነው። የአሮጌው ሴራሚክ ገጽ እንደ መስታወት የለሰለሰ በመሆኑ ተራ ቡኮ አይዘውም፤ ውሎ አድሮ ይለቃል። ገጹ ከቅባትና ከሰም ጸድቶ በግራይንደር መሻከር፣ ማጣበቂያውም ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ መሆን አለበት። በአውሮፓ መለኪያ ‹‹ሲ 2›› የሚል ምልክት ያለው ማጣበቂያ ሊኖረው የሚገባው ዝቅተኛ የመያዝ ኃይል ‹‹ሲ 1›› ከሚለው እጥፍ ነው። ከረጢቱን ገልብጦ ማንበብ የገዢው ድርሻ ነው።

ከግዢ በፊት ግን መሞከር ያለበት አሮጌው ንጣፍ ነው። እያንዳንዱን ሴራሚክ በሳንቲም ወይም በመፍቻ እጀታ ማንኳኳት ይበቃል። ድፍን ድምፅ ከሰጠ ይዟል፤ እንደ ባዶ እንስራ ካስተጋባ ለቋል። የለቀቁት ጥቂት ከሆኑ እነሱን ብቻ ነቅሎ ቦታቸውን በሲሚንቶ መሙላት ይቻላል። ብዙ ከሆኑ ግን መንቀል ግድ ነው፤ አዲሱ የሚጣበቀው በተነቃነቀ ነገር ላይ ነውና።

ሌላው ምልክት ስንጥቅ ነው። በደቡብ አዲስ አበባ በብዙ ቦታ የሚገኘው ጥቁር አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሸበሸባል። በምድር ቤት ወለል ላይ ከአንዱ ሴራሚክ ወደ ሌላው ተከታትሎ የሚሄድ ስንጥቅ ከታየ የሚንቀሳቀሰው ወለሉ ራሱ ሊሆን ይችላል። ይህ ሳይጣራ የተነጠፈ አዲስ ሴራሚክ በዚያው መስመር ይሰነጠቃል።

ከምድር ቤት በላይ ለሚኖሩ ደግሞ ክብደትም ይታሰባል። ፖርስሊኑና ማጣበቂያው በካሬ ከ25 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ፤ ለ20 ካሬ ሳሎን ከ5 ኩንታል ያልፋል። በፎቅ ቤት መሐንዲስ ማማከር ከዚህ ላይ ይጠቅማል።

ወለሉም ከፍ ይላል። 1 ሴንቲ ሜትር ሴራሚክና ግማሽ ሴንቲ ሜትር ማጣበቂያ ሲደመሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው። በሩ ተከርክሞ ካልሆነ አይከፈትም፤ የብረት በር ከሆነ ደግሞ የበያጅ ወጪ ይጨመራል። የደረጃው የመጀመሪያ እርከን ያጥራል። በመታጠቢያ ቤት የውኃ መውረጃው አብሮ ካልተነሳና ተዳፋቱ ካልተጠበቀ ውኃው ወደ መኝታ ቤት ይሄዳል። እነዚህ ወጪዎች በመጀመሪያው የዋጋ ንግግር ላይ አይነሱም።

በመሆኑም ውል ሲገባ የካሬውን የእጅ ዋጋ ብቻ መነጋገር አይበቃም። አሮጌውን ማሻከር፣ የለቀቁትን መተካት፣ በር መከርከምና ዞኮሎ መግጠም በማን ወጪ እንደሚሠራ በጽሑፍ ቢሰፍር ይመረጣል። በግድግዳው ዙሪያም ዞኮሎው የሚሸፍነው ጠባብ ክፍተት እንዲተው ማሳሰብ ያስፈልጋል፤ ንጣፉ በሙቀት ሲለጠጥ መፈናፈኛ ካጣ ተነስቶ ይቆማል።

አሮጌው ንጣፍ በደንብ የያዘ፣ ያልተሰነጠቀና ውኃ ልኩን የጠበቀ ከሆነ በላዩ ማንጠፍ እውነተኛ ቁጠባ ነው። ካልሆነ ግን ባለቤቱ በሁለተኛው ዙር የሚያስነቅለው ሁለት ንጣፍ፣ የሚያስጭነውም እጥፍ ፍርስራሽ ይሆናል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ከ16ቱ ካርቶን በፊት የአንድ ሰዓት ማንኳኳት ይቅደም።