ታሪክ ስትጽፉ በዓይን ብቻ አትጻፉ

ፊደል ለይታችሁ ዐረፍተ ነገር ለመጻፍ በቅታችኋል። እንግዲህ ዛሬ የምንነጋገረው ከራሳችሁ ፈጥራችሁ ታሪክ ስትጽፉ፣ አንባቢው በቦታው እንዳለ ሆኖ እንዲሰማው ስለማድረግ ነው።

በማታ ትምህርት ክፍሌ አንዲት እናት እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «አልማዝ ወፍጮ ቤት ሄደች። እህል አስፈጨች። ባለወፍጮው አታለላት። አዘነች።» ፊደሉ አልተሳሳተም። ግን ሲነበብ ከክፍሉ ማንም አላዘነም። ለምን? ማዘኗን ሰማን እንጂ አብረናት ወፍጮ ቤት አልገባንም።

ሰው ነገርን የሚያውቀው በአምስቱ የስሜት ሕዋሳት ነው፦ በማየት፣ በመስማት፣ በማሽተት፣ በመቅመስና በመዳሰስ። እስቲ ወፍጮ ቤቱን አስቡት። ምን ይሰማል? ሞተሩ ዱግ ዱግ ይላል፤ ሰው የሚነጋገረው እየጮኸ ነው። ምን ይሸታል? ናፍጣ። ምን ይታያል? በዱቄት የነጣ ቅንድብ። ምላስስ? ከንፈር ላይ ያረፈውን ብናኝ ይቀምሳል። እጅስ? ከወፍጮው የወጣ ዱቄት ትኩስ መሆኑን ያውቃል።

ታዲያ አምስቱንም ደርድሩ ማለቴ አይደለም። ጨውም የሚጣፍጠው በልኩ ነው። ታሪኩን የሚሸከመውን ምረጡ። አልማዝ ማንበብ አትችልም፤ ሚዛኑ ስንት እንደሚል አታውቅም። ታዲያ መታለሏን በምን አወቀች? ብዬ ብጠይቃቸው፣ እናታችን «በጀርባዬ ነዋ!» አሉ። «በጀርባዋ» አላሉም።

ከዚያ እንዲህ አድርገው ጻፉት፦ «አልማዝ ጆንያውን አዘለች። የዱቄቱ ሙቀት በነጠላዋ አልፎ ጀርባዋን ነካት። ግን ቀለለባት። ስትመጣ ያጎበጣት እህል ስትመለስ ቀና አድርጎ አስኬዳት።» «አዘነች» የሚል ቃል የለበትም። ክፍሉ ግን ጸጥ አለ።

በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ አለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ ያዳመጣችሁ ታስታውሳላችሁ። ሬዲዮ ሥዕል የለውም፤ ሰዎቹ ግን ፊታችን የቆሙ ይመስሉን ነበር። ቃል ይህን ያህል ይችላል።

የዛሬው የቤት ሥራ ይኸውና። የምታውቁትን አንድ ቦታ ምረጡ፤ ዓይናችሁን ጨፍኑ። የሰማችሁትን፣ የሸተታችሁንና የዳሰሳችሁትን በ3 ዐረፍተ ነገር ጻፉ። የቦታውን ስም አትጥሩ፤ «ቆንጆ ነው» ወይም «ያስጠላል» አትበሉ። ለጎረቤታችሁ አንብቡለት። የት እንደሆነ ካወቀው ጽሑፋችሁ ደርሷል ማለት ነው። ካላወቀው ደግሞ ተመልሳችሁ አሽትቱ፤ አዳምጡ። በርቱ፣ ደህና ሁኑ!