ከአርማው የሚጀምር ፊልም

መብራት ጠፍቶ ስክሪኑ ሲበራ መጀመሪያ ብቅ የሚለው የፊልም ኩባንያው አርማ ነው። የኤምጂኤም አንበሳ ያገሳል፤ የዩኒቨርሳል ሉል ይሽከረከራል፤ የፓራማውንት ተራራ በከዋክብት ተከቦ ይቆማል። ብዙ ተመልካች በዚህ ጊዜ ወንበሩን ያመቻቻል፣ ስልኩን ያጠፋል። ታሪኩን ከዚያው ከአርማው የሚጀምሩ ዳይሬክተሮች ግን አሉ።

ስቲቨን ስፒልበርግ በ1981 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሠራው «ሬይደርስ ኦፍ ዘ ሎስት አርክ» የፓራማውንት ተራራ ቀስ እያለ ይደበዝዝና ቅርጹ የሚመሳሰል እውነተኛ ተራራ ይተካዋል። ከተራራው ፊት ባርኔጣ የደፋ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል። ኢንዲያና ጆንስ ነው። ፊልሙ ታቦተ ጽዮንን ግብፅ ድረስ ሄዶ የሚፈልግ ነውና አክሱምን የሚያውቅ ተመልካች ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ የመግቢያው ብልሃት ግን አያከራክርም። ጨዋታው በተከታዮቹ ፊልሞችም ቀጠለ። በ1984ቱ ተራራው በመዶሻ የሚመታ ትልቅ ክብ ነሐስ ላይ ተቀርጾ መጣ፤ በ1989ኙ የዩታ ዓለት ሆነ። በ2008ቱ ደግሞ ያ ግርማ ሞገሳም ተራራ አይጥ መሰል እንስሳ ብቅ የሚልበት የአፈር ቁልል ሆኖ አረፈው።

አርማ የኩባንያ ንብረት ነው፤ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይነካም። በፊት በፊት ፈቃዱ በአብዛኛው የሚገኘው ለቀልድ ነበር። በ1959 «ዘ ማውስ ዛት ሮርድ» ላይ ችቦ ይዛ የምትቆመው የኮሎምቢያ ፊልም ኩባንያ አርማ እመቤት አይጥ አይታ ከመቆሚያዋ ወርዳ እግሬ አውጪኝ ትላለች። በ1965 በ«ካት ባሉ» ደግሞ ቀሚሷን አውልቃ ጥላ ሽጉጥ ትተኩሳለች።

ከሁሉም ይልቅ ቁም ነገር የተሠራበት ግን የ1995ቱ «ወተርወርልድ» ሳይሆን አይቀርም። የዩኒቨርሳል ሉል እየዞረ ሳለ የዋልታዎቹ በረዶ ይቀልጣል፣ ባሕሩ ይነሣል፣ አህጉራቱ አንድ በአንድ ይሰምጣሉ። ታሪኩ የሚሆነው የብስ በጠፋባት ዓለም ላይ ነውና ተመልካቹ ገጸ ባሕሪ ሳያይ ዋናውን ነገር ጨርሶታል።

ቀለም መቀየር ይቀላል። በ1999 «ዘ ማትሪክስ» የዋርነር ብራዘርስን ጋሻ እንደ ኮምፒውተር ኮድ አረንጓዴ አደረገው፤ በ2023 «ባርቢ» ሮዝ ቀባችው። የኋለኛው ለዓይን ያምራል እንጂ አዲስ ነገር አይናገርም። ከ2001 እስከ 2011 በወጡት ስምንት የሃሪ ፖተር ፊልሞች ግን ይኸው ጋሻ ታሪኩ በከፋ ቁጥር ወርቅነቱን እያጣ ጠቆረ፤ ቀለም ታሪክ ሲሸከም እንዲህ ነው።

ድምፅም አይቀርለትም። አልፍሬድ ኒውማን በ1933 የደረሰው የፎክስ ፊልም ኩባንያ የጡሩምባ ዜማ በ«ኤሊየን 3» ሊያልቅ ሲል አንድ ድምፅ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ጆሮ የለመደውን መዝጊያ ሲያጣ ፍርሃቱ ከዚያው ይጀምራል። በ2018ቱ «ቦሂሚያን ራፕሶዲ» ደግሞ የኩዊን ባንድ አባላት ብራያን ሜይና ሮጀር ቴይለር ያንኑ ዜማ በሮክ ስልት ተጫውተውታል።

አንዳንዴ ደግሞ አዲስ ነገር መፍጠር አያሻም፤ አሮጌውን ማውጣት ይበቃል። ዴቪድ ፊንቸር ለ2007ቱ «ዞዲያክ»፣ ቤን አፍሌክ ለ2012ቱ «አርጎ» ኩባንያዎቹ ድሮ የተጠቀሙባቸውን አርማዎች መልሰው አመጡ። «አርጎ» የሚተርከው የቴህራኑን የአሜሪካ ኤምባሲ እገታ ነው፤ የ1970ዎቹን የዋርነር አርማ የሚያስታውስ ተመልካች በየትኛው ዘመን እንደተቀመጠ ለማወቅ ጽሑፍ አላስፈለገውም።