ቤግል ከኒውዮርክ ሲወጣ ምን ይጎድለዋል?

ኒውዮርክ ተወልዶ ያደገ ሰው ኑሮውን ወደ ፍሎሪዳ ወይም ወደ አሪዞና ሲያዞር ቶሎ ከሚናፍቃቸው ነገሮች አንዱ ቤግል ነው። በሄደበት ከተማ ቤግል ጠፍቶ አይደለም። ዳቦ ቤቱ ይሸጠዋል፤ ቅርጹም ያው ቀለበት ነው። ሲነክሱት ግን መሀሉ የተበሳ ተራ ዳቦ ሆኖ ይገኛል። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ዝግጁ ነው፤ «ውሃው ነው» ይላል። የኒውዮርክ ውሃ ሌላ ቦታ ስለሌለ የኒውዮርክ ቤግልም ሌላ ቦታ አይገኝም ባይ ነው። ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት ያለ ሐበሻ ይህ ክርክር አዲስ አይሆንበትም። እንጀራው ዐይን አላወጣ ሲለን እኛም ጤፉ ከሌላ ዱቄት ጋር መቀላቀሉን፣ ሊጡ በቂ ቀን አለመቦካቱን ትተን የፈረንጅ አገር ውሃን እንወቅሳለን።

በቤግል ጉዳይ ግን ኬሚስቶችም ጋጋሪዎችም ብዙ ስለለፉ ውሃው ምን ያህል እንደሚወቀስ ማወቅ ይቻላል።

ቤግል ከፖላንድ አይሁዳውያን የወጣ ዳቦ ነው። ስሙ በ1610 እ.ኤ.አ. በክራኮው የአይሁድ ማኅበረሰብ ደንብ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ደግሞ ከስደተኞች ጋር ባሕር ተሻግሮ ኒውዮርክ ገባ። ከሌላው ዳቦ የሚለየው ምድጃ ከመግባቱ በፊት በፈላ ውሃ መቀቀሉ ነው። ቢያሊ የቅርብ ዘመዱ ሲሆን የተገኘው በዛሬዋ ሰሜን ምሥራቅ ፖላንድ ከምትገኘው ከቢያሊስቶክ ከተማ ነው። ቢያሊ አይቀቀልም። መሀሉም አልተበሳም፤ በጣት ተጭኖ ጎድጎድ ያለ ነው እንጂ። በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ደቅቆ የተከተፈ ሽንኩርት፣ አንዳንዴም የፖፒ ፍሬ ይደረግበታል። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ቤግል ሲባል የሚመጣባቸው በኢየሩሳሌም አሮጌው ከተማ በሮች አጠገብ የሚሸጠው ረዥሙ ባለሰሊጥ ቀለበት ሊሆን ይችላል። እርሱም የማይቀቀል፣ ራሱን የቻለ ሌላ ዳቦ ነው።

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ። ኒውዮርክ አብዛኛውን ውሃዋን የምታገኘው ከከተማዋ በስተሰሜን ምዕራብ ካሉት ከካትስኪልና ከዴላዌር ተፋሰሶች ነው። ይህ ውሃ ለስላሳ ነው፤ በአንድ ሊትር ውስጥ የሚገኘው ካልሲየምና ማግኒዚየም በጣም ጥቂት ነው። እነዚህ ማዕድናት የሊጡን ግሉተን፣ ማለትም ሊጡ ሲሳብ እንዳይበጠስ የሚያደርገውን የፕሮቲን መረብ ያጠብቁታል። ውሃው ማዕድን ሲበዛበት ሊጡ ይደርቃል፤ ሲያንስበት ይለሰልሳል። ስለዚህ የናፋቂዎቹ ክስ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ነገር ግን ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ጋጋሪው የውሃውን መጠን ወይም የማቡኪያውን ጊዜ ጥቂት ቢያስተካክል ይካካሳል። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ደግሞ ሞንትሪያል አለች። የሞንትሪያል የቧንቧ ውሃ ከኒውዮርኩ በብዙ እጥፍ ማዕድን ይበዛበታል። ሆኖም የከተማዋ ቤግል በማር በጣፈጠ ውሃ እየተቀቀለ፣ በእንጨት እሳት እየተጋገረ በዓለም ስሙ የተጠራ ነው። በዚያች ከተማ የተወለደው ጠፈርተኛ ግሬጎሪ ሻሚቶፍ በ2008 እ.ኤ.አ. ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሲሄድ 18 ባለሰሊጥ ቤግሎች ይዞ ወጥቷል። ጥፋተኛው ውሃ ቢሆን ኖሮ ሞንትሪያል ይህን ቤግል ባልጋገረች ነበር።

እንግዲያው የጎደለው ምንድን ነው? በእኔ እምነት ሦስት ነገር ነው፦ የሊጡ ጥንካሬ፣ የቅዝቃዜው ሌሊትና የፈላው ድስት።

ለተራ ዳቦ አንድ ኪሎ ዱቄት ብዙውን ጊዜ 650 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ውሃ ይገባበታል። ለቤግል ግን ከ500 እስከ 580 ግራም ቢሆን ነው። ዱቄቱም ከ13 እስከ 14 በመቶ ፕሮቲን ያለው ጠንካራ የስንዴ ዱቄት ነው። ሊጡ እጅን ይታገላል። ቀለበት ከሆነ በኋላ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሆነ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያድራል፤ አንዳንዱ ጋጋሪ እስከ ሁለት ሌሊት ያቆየዋል። በዚህ ቅዝቃዜ እርሾው ይንቀራፈፋል እንጂ አይሞትም። ኤንዛይሞቹ ስታርቹን ቀስ በቀስ ወደ ስኳር ይቆራርጡታል፤ ባክቴሪያዎችም ለስላሳ አሲዶችን ያመነጫሉ። ጣዕሙ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በደንብ ስለሚሟሟ ከፊሉ ወደ ሊጡ ቆዳ ይጠጋል፤ ሲጋገርም ጥቃቅን እብጠቶች ሆኖ ይወጣል። በቅርፊቱ ላይ እንደ ውሃ ቋጠሮ የሚታዩት ነጠብጣቦች ሊጡ በቅዝቃዜ ለማደሩ ምልክት ናቸው።

ቀጥሎ ድስቱ ነው። ቀዝቃዛው ቀለበት የገብስ ብቅል ሽሮፕ በተጨመረበት የፈላ ውሃ ውስጥ ከ30 ሰከንድ እስከ 2 ደቂቃ ይቆያል። ውስጡ አሁንም ጥሬ ነው፤ ላዩ ግን ተለውጧል። የስንዴ ስታርች ቅንጣቶች ሙቀቱ 60 ዲግሪን ሲያልፍ ውሃ ጠጥተው ያብጣሉ፤ ከዚያም ተሰባብረው እንደ ሙጫ ይሆናሉ። ይህ ስስ የሙጫ ቆዳ ቤግሉ ሲጋገር አንጸባራቂ ቅርፊት ይሆናል። ሰሊጡን አጣብቆ የሚይዘውም እርሱ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ሥራው ግን ሌላ ነው። ተራ ዳቦ ምድጃ ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ተነፍቶ ያድጋል። ቤግል ግን ቆዳው ድስት ውስጥ ስለጸና እንደ ልቡ ሊነፋ አይችልም፤ ስለዚህ ውስጡ ጥቅጥቅ ብሎ፣ ሲያኝኩት ጥርስን እየሳበ ይቀራል። የብቅሉ ስኳር ደግሞ ከፕሮቲኑ ጋር ተዋሕዶ በኬሚስቶች ዘንድ የማያር ለውጥ የሚባለውን ያመጣል፤ ቡናማው ቀለምና የተቆላ እህል የሚመስለው ሽታ የዚህ ውጤት ነው።

ታዲያ ይህ ዘዴ ምስጢር ካልሆነ ከኒውዮርክ ውጭ ለምን ጠፋ? የጠፋው ሥራው ከባድ ስለሆነ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የኒውዮርክ ቤግል ጋጋሪዎች ቁጥር 338 በተባለ የሠራተኛ ማኅበር ታቅፈው ነበር። አባላቱ 300 ያህል ብቻ ሲሆኑ ስብሰባቸውን በይዲሽ ቋንቋ ያካሂዱ፣ ሙያውንም ለልጆቻቸውና ለቅርብ ዘመዶቻቸው ያወርሱ ነበር። በአራት በአራት እየተቧደኑ ሲሠሩ ሁለቱ ሊጡን ይጠቀልላሉ፣ አንዱ ድስቱ ላይ ይቆማል፣ አንዱ ምድጃውን ይይዛል። በታኅሣሥ 1951 እ.ኤ.አ. በተነሣ የሥራ ክርክር ከከተማዋ 34 የቤግል ዳቦ ቤቶች 32ቱ ተዘግተው ሕዝቡ ቤግል አጣ። ይህን ያህል ጉልበት የነበረው ማኅበር የወደቀው በማሽን ነው። ዳንኤል ቶምፕሰን የተባለ የሒሳብ መምህር የነበረ ሰው ቀለበቱን የሚጠቀልል ማሽን ሠራ፤ በ1963 እ.ኤ.አ. ደግሞ በኒውሄቨን ከተማ የነበረው የሌንደር ቤተሰብ ዳቦ ቤት ማሽኑን ተከራየ። ሌንደሮች ቤግሉን አቀዝቅዘው በመላው አሜሪካ ሱቆች አሰራጩ። ቤግልን ለአሜሪካ ሕዝብ ያስተዋወቁት እነርሱ ናቸውና ምስጋና ይገባቸዋል። ሆኖም ማሽን ጠንካራውን ሊጥ አይወድም፤ ሊጡ መለስለስ ነበረበት። ከዚያ ድስቱም ቀረ። ብዙ ትልልቅ አምራቾች ቀለበቱን እንፋሎት በሚረጭ ምድጃ ውስጥ በአንድ ጊዜ ማብሰል ጀመሩ። እንፋሎት ቆዳውን ያረጥበዋል እንጂ እንደ ፈላ ውሃ አያጸናውም፤ ቤግሉም እንደ ልቡ ይነፋል።

መጠኑም አደገ። የድሮው ቤግል ከ60 እስከ 85 ግራም ነበር፤ የዛሬው ብዙ ጊዜ ከ115 ግራም ያልፋል። ቅርጹ ሳይለወጥ ክብደቱ በእጥፍ ሲጨምር ለእያንዳንዱ ግራም የሚደርሰው ቅርፊት በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል፤ ሊጡ ሲነፋ ቀዳዳው ከተደፈነ ደግሞ ከዚያም በላይ ያንሳል።

ስለዚህ በባዕድ ከተማ ቤግል የሚፈልግ ሰው ውሃውን ከመጠየቅ ይልቅ ዳቦውን ገልብጦ ቢያየው ይሻለዋል። በጥንቱ አሠራር የተቀቀለው ቀለበት በመጀመሪያ እርጥብ ጆንያ በለበሰ ሳንቃ ላይ ሆኖ ምድጃ ይገባል፤ ላዩ ደረቅ ሲል ወደ ድንጋዩ ይገለበጣል። በዚህ ምክንያት ሁለቱም ወገኑ ጎበጥ ይላል። ታቹ ድልዳል ሆኖ የሽቦ ወንፊት አሻራ ከታየበት ግን ብዙ ጊዜ በእንፋሎት የበሰለ ነው። ቅርፊቱ ያበራል ወይ? ነጠብጣቦቹ አሉ ወይ? በጣት ሲጫኑት ይገፋል ወይስ እንደ ስፖንጅ ይሰምጣል? እነዚህን ያሟላ ቤግል ከኒውዮርክ ርቆም ሊገኝ ይችላል። ኤሚሊ ዊንስተን የተባለች መካኒካል መሐንዲስ የነበረች ሴት፣ የምትወደው የኒውዮርክ ዳቦ ቤት ሲዘጋ የቤግሉን አሠራር በሙከራ ደርሳበት በ2019 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ በርክሌይ ከተማ ሱቅ ከፍታለች፤ ወረፋውም ከበሩ ውጭ ይሰለፋል።

ቢያሊ ግን ሌላ ጣጣ አለበት፤ እኔንም የበለጠ የሚያሳስበኝ እርሱ ነው። ቢያሊ ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨውና እርሾ ብቻ ነው። የመሀሉ ጉድጓድ ለምን አብሮ አይነፋም? እርሾ አዲስ የአየር ቋጠሮ አይፈጥርም፤ ሊጡ ሲቦካ የታመቁትን ጥቃቅን የአየር ቅንጣቶች ያሳድጋል እንጂ። ጋጋሪው መሀሉን በአውራ ጣቱ ሲጫን ቋጠሮዎቹን ያፈነዳቸዋል፤ ስለዚህ ዙሪያው ለስልሶ ሲያብጥ መሀሉ ስስና ቆርቆር የሚል ሆኖ ይቀራል። በአንድ ንክሻ ሁለቱን ማግኘት ነው የቢያሊ ደስታው። ነገር ግን ይህ ደስታ የሚቆየው ለጥቂት ሰዓት ነው።

ብዙ ሰው ዳቦ ሲያድር የሚጠነክረው ውሃው ስለሚተንን ይመስለዋል። ፈረንሳዊው ኬሚስት ቡሲንጎ በ1852 እ.ኤ.አ. ዳቦን አየር በማያስገባ ዕቃ ቢዘጋበትም፣ ውሃው ሳይቀንስ እንደሚጠነክር አሳየ፤ መልሶ ሲያሞቀውም ለሰለሰ። ምክንያቱ ስታርቹ ነው። ሲጋገር የተበታተኑት ሰንሰለቶቹ ሲቀዘቅዙ ተመልሰው በሥርዓት ይደረደራሉ፤ ውስጡ ይጠጥራል። ይህ መደርደር የሚፈጥነው ከዜሮ ዲግሪ ጥቂት ከፍ ባለ ቅዝቃዜ ነው፤ ያም የፍሪጅ ሙቀት ነው። ዳቦን ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ ማስረጀት ማለት ነው። ፍሪዘር ግን ሂደቱን ከሞላ ጎደል ያቆመዋል፤ 60 ዲግሪ ያህል ማሞቅ ደግሞ ይፈታዋል። ቤግል ወፍራምና ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ትንሽ ይታገሳል። ስሱ ቢያሊ የሙጫ ቆዳም ቅባትም የለውም። ሳይውል ሳያድር የሚገዛው ሰፈር ይፈልጋል።

ያን ሰፈር ታሪክ አፈረሰው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከቢያሊስቶክ ነዋሪ ግማሽ ያህሉ አይሁዳዊ ነበር። ጁን 27 ቀን 1941 እ.ኤ.አ. ናዚዎች ታላቁን ምኩራብ ከነሰዎቹ አቃጠሉት፤ በኦገስት 1943 እ.ኤ.አ. የተረፉትን የጌቶ ነዋሪዎች ወደ ሞት ካምፖች አጋዙ። ጋጋሪዎቹም በላተኞቹም አለቁ። የምግብ ጸሐፊዋ ሚሚ ሸራተን የዚህን ዳቦ ዱካ ተከትላ ቢያሊስቶክ ድረስ ሄዳለች፤ የከተማዋን ተወላጆችም በየአህጉሩ ፈልጋ አነጋግራ በ2000 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትማለች። ባለቤቱ በሆነችው ከተማ ያ ዳቦ ጠፍቶ ነበር። የቆየው በኒውዮርክ ነው፤ በተለይ ከ1936 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራው በኮሳርስ ዳቦ ቤት።

ከኒውዮርክ ርቆ ጥሩ ቢያሊ መፈለግ ከባድ ነውና መጋገሩ ይቀላል። ጠንከር ያለ ዱቄት በጨው፣ በጥቂት እርሾና በውሃ ተቦክቶ ፍሪጅ ውስጥ ይደር። በማግሥቱ 85 ግራም ያህል እየተቆረጠ ይድቦልቦልና እስኪነፋ ይጠበቅ፤ ከዚያ መሀሉ ሳይበሳ በሁለት አውራ ጣት እስኪሳሳ ይጫን፤ ሽንኩርት ይነስነስበት። ምድጃው 250 ዲግሪ ይድረስ፤ ውስጡም አስቀድሞ የጋለ ወፍራም ብረት ወይም ድንጋይ ይኑር። አሥር ደቂቃ ግድም ይበቃዋል። አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል ሊጥ ቶሎ ይነፋል፤ እርሾውን መቀነስ ያስፈልጋል። ቤግል መሞከር ለሚፈልግም በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ቢሆንም ስታርቹን ለማሳበጥ ከበቂ በላይ ነው። የተረፈው ቢያሊ በበረደ ቅጽበት ፍሪዘር ይግባ፤ ሲወጣም ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ ጋለ ምድጃ፣ ከዚያም ቅቤ ተቀብቶ ወዲያው ይበላ።