ፋየርዎል በባለቤቱ ላይ ሲዘጋ

በጋይንት የሚገኘውን የቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ከውጭ የሚያይ ሰው ክብ ሕንፃ ብቻ ይመስለዋል፤ ነገር ግን በውስጡ አራት ማዕዘን የሆነ ጥንታዊ ሕንፃ መኖሩን ቶማስ ፓኬንሃም በ1955 እ.ኤ.አ. ተመልክቶ ጽፏል። በክላውድ ላይ የምንከራየው ቨርቹዋል ማሽንም እንዲሁ ሁለት ቅጥር አለው። አንደኛው በአከራዩ ድርጅት ኔትዎርክ ላይ ያለው ፋየርዎል ሲሆን፥ ሁለተኛው በማሽኑ ውስጥ ያለው ነው። በሩ የተዘጋበት ሰው አስቀድሞ ሊያውቅ የሚገባው የዘጋው የትኛው እንደ ሆነ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚደርሰው እንዲህ ነው። ተማሪው በኤስኤስኤች ከሩቅ ገብቶ ሳለ፥ ለፖርት 22 ሳይፈቅድ የኡቡንቱን ፋየርዎል ያስነሣል፤ ከወጣም በኋላ ተመልሶ መግባት ያቅተዋል። ማሽኑ «ፈቃድ የለህም» ብሎ ከመለሰ ጥሪው ደርሷል፤ ጉድለቱም ከቁልፉ ወይም ከተጠቃሚው ስም ነው። ምንም መልስ ሳይሰጥ ጊዜው ካለፈ ግን በአብዛኛው ከልካዩ ፋየርዎል ነው።

የውጭው ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው፤ በአከራዩ ድረ ገጽ ገብቶ ፖርት 22ን ለራስ አድራሻ መክፈት ይበቃል። የቤት መስመር አድራሻ ሊለወጥ ስለሚችል፥ ትናንት የተፈቀደው ዛሬ ላይሠራ ይችላል። የውስጡ ከሆነ በኔትዎርክ በማያልፍ መንገድ፥ ይኸውም በሲሪያል ኮንሶል፥ መግባት ያስፈልጋል፤ ለዚህም የይለፍ ቃል ያለው ተጠቃሚ አስቀድሞ መኖር አለበት። ይህ ካልተቻለ ማሽኑን አቁሞ፥ የዲስኩን ቅጂ አስቀርቶ፥ ዲስኩን ከሌላ ማሽን ጋር ማያያዝና ፋየርዎሉን በማስተካከያ ፋይሉ ላይ ማጥፋት፥ ከዚያም ወደ ቦታው መመለስ ነው። ማሽኑን በችኰላ መሰረዝ ግን የመመረቂያ ጥናትን ከነመረጃው ሊያጠፋ ይችላል።

ይህ በትልልቆችም ይደርሳል። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ፌስቡክ በጥገና ላይ በተሰጠ ትእዛዝ ምክንያት ስድስት ሰዓት ያህል ሲቋረጥ፥ ከሩቅ መግቢያው አብሮ ስለ ተዘጋ መሐንዲሶቹ በአካል ወደ ማሽኖቹ መሄድ ግድ ሆነባቸው። ማሽኑ በኬፕታውን ወይም በፍራንክፈርት የሆነበት የጋይንት ተማሪ ይህን ማድረግ አይችልም። ስለዚህ ፋየርዎሉን ከመንካቱ በፊት ፖርት 22ን ይፍቀድ፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ፋየርዎሉን የሚያጠፋ ትእዛዝም አስቀድሞ ያኑር፤ የተከፈተውን መስመር ሳይዘጋ በሁለተኛ መስመር መግባቱን ካረጋገጠ በኋላ ያን ትእዛዝ ይሰርዘው።