«ወፈርሽ» እና «ብይ እንጂ»፦ ልጆቻችን የቱን ይስሙ?

ዘመድ ጥየቃ የሄደች የ12 ዓመት ልጅ ገና በር ላይ «ውይ፣ ወፈርሽ!» ትባላለች። ምግብ ሲቀርብ ደግሞ «ብይ እንጂ፣ ምነው?» ይከተላል። ሁለቱም የሚመጡት ከፍቅር ነው። አገር ቤት «ወፈርሽ» ለብዙ ሰው «ተመችቶሻል» ማለት ነው። እዚህ ያደገች ልጅ ግን ቃሉን የምታውቀው ትምህርት ቤት ስድብ ሆኖ ነው። ብትበላም ጥፋት፣ ባትበላም ጥፋት ይሆንባታል።

አንዳንዱ ቤት መፍትሔው ዳይት ይመስለዋል፤ «ከዛሬ ጀምሮ እንጀራ የለም» ይባላል። መከልከል ግን ምግብን ከሐሳብ አያወጣም። በ1945 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶች በፈቃዳቸው ለስድስት ወር ያህል ምግብ ተቀነሰባቸው። ቀን ከሌት ስለ ምግብ ያስቡ ጀመር፤ የምግብ አሠራር መጻሕፍት የሰበሰቡም ነበሩ። እንደልባቸው እንዲበሉ ሲፈቀድላቸው ደግሞ ብዙዎቹ በልተው አልጠግብ አሉ። ስለዚህ ዳይት ላይ ያለ ልጅ ብስኩት ደብቆ ሲበላ ቢገኝ ስግብግብ ስለሆነ ላይሆን ይችላል።

በ1995 እ.ኤ.አ. ኤቭሊን ትሪቦሊ እና ኤሊስ ሬሽ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ምግብ ባለሙያዎች «ኢንቱዪቲቭ ኢቲንግ» የሚል መጽሐፍ አሳተሙ። ሐሳባቸው ባጭሩ፦ ሲርብህ ብላ፣ ስትጠግብ አቁም፣ ምግብን «ጥሩ» እና «ኃጢአት» ብለህ አትክፈል፣ ሰውነትህን አክብር የሚል ነው። ያገኙትን ሁሉ መብላት ማለት አይደለም፤ ሰውነትን ማዳመጥ ነው።

ለልጆች ደግሞ ኤለን ሳተር የተባለች ባለሙያ ሥራውን ለሁለት ትከፍለዋለች። ምን እንደሚበላ፣ መቼ እና የት የሚወስነው ወላጅ ነው። መብላት አለመብላቱን እና መጠኑን የሚወስነው ልጁ ነው። እኛ ቤት ይሄ እንዲህ ይሠራል፦

• ምግብ በሰዓቱ፣ አብሮ፣ ስልክ ሳይያዝ ይበላ።
• ጉርሻው አይቅር። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብለን ሁለተኛውን ከማስከተላችን በፊት ግን ልጁን እንየው። «ጠገብኩ» ካለ ይበቃዋል።
• እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስር እና ጎመን ጠላት አይደሉም። ምስሩ እና ሽሮው ፕሮቲን፣ ፋይበር እና አይረን አላቸው።
• ኬክ ሽልማት፣ አትክልት ቅጣት አይሁን።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር ወላጆች ስለ ልጆቻቸው ክብደት ከማውራትና ዳይት ከማበረታታት እንዲቆጠቡ፣ አብሮ መብላትን እንዲያዘወትሩ ይመክራል። እናት መስታወት ፊት ቆማ «ሆዴን እዩት!» ስትል ልጅ ይሰማል። አባት «ኪሎ ጨመርኩ፣ እራት አልበላም» ሲልም እንዲሁ።

ለዘመድስ ምን ይባላል? በትሕትና መናገር ይቻላል፦ «እትዬ፣ ስለ ኪሎዋ ባናነሳባት ደስ ይለኛል። ይልቅ ስለ ትምህርቷ ይጠይቋት፤ እሱን መናገር ትወዳለች።» ሰላምታውም «አደግሽ፣ ናፍቀሽን ነበር» ቢሆን ፍቅሩ አይጎድልም።

ዝም የማይባልበት ጊዜም አለ። ልጅ ምግብ መዝለል ካበዛ፣ ምግብ ከደበቀ፣ እንደበላ ወዲያው መታጠቢያ ቤት ከገባ፣ ካዞረው፣ ወይም የልጅቷ የወር አበባ ከቀረ ሐኪም ይየው። «ጾም ላይ ነኝ» የሚለው ቃልም አንዳንዴ አለመብላትን መሸፈኛ ሊሆን ይችላልና በእርጋታ ጠይቁ። ስኳር ወይም ሌላ ሕመም ያለበት ልጅ ደግሞ አመጋገቡን ከሐኪሙ ጋር ይወስን።

ሐኪሙን «ክብደት መቀነስ ላይ ብቻ የማያተኩር ዳይቲሽያን ይላኩልን» ብላችሁ ጠይቁ። አሜሪካ ያላችሁ፣ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት። ልጃችሁን ስለ ራሷ ሰውነት አስተርጓሚ አታድርጓት።